የተዘቀዘቀው ዳዊት

ኦክላንድ ላይ ታክሲ የሚነዳ አንድ ሰውዬ አለ፤ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለጸሎትና ለጠብ ብቻ ነው።

አምና ልጁ ለሽርሽር ብላ እንግሊዝ አገር ገጠር ወሰደችው። በመንደሩ በጎቹ እንኳ ፀጉር ቤት ደርሰው የመጡ ይመስላሉ። ከመንደሩ አጠገብ ያለውን የጥንት መኳንንት ቤት ሲጎበኙ ግን፣ መስተዋት ውስጥ አንድ የብራና ዳዊት ተዘቅዝቆ አየ።

«አፕሳይድ ዳውን ነው! መውሰዱንስ ወሰዳችሁ፤ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ እንዴት ያቅታችኋል?» ብሎ ሲጮኽ የአገሩ ቁራ ሁሉ ተነሣ።

ልጁ፣ «አባዬ፣ ፕሊስ!» አለች። ዘበኛው፣ «መስተዋቱን አይንኩ» አለ። ከተመለሰ ወዲህ እንዲያቃኑት ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ ሦስቴም «ስለ ጉብኝትዎ እናመሰግናለን» ብለው መለሱለት።

የዚያን ገጽ ፖስትካርድ ገዝቶ ስለነበር መኪናው ውስጥ ከፊቱ ለጥፎታል፤ ግዕዙ ቀና፣ ግርጌው ላይ የታተመው እንግሊዝኛ ቁልቁል። ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ያነበንባል። የት እንደተማረ ለልጁም ነግሯት አያውቅም።

ትናንት ከአላሜዳ የተሳፈረች ሴት ከፊት ተቀምጣ፣ «ይቅርታ፣ ካርድህ ተዘቅዝቋል» አለችና ልታቃናው እጇን ሰደደች።

ሰውዬው መኪናውን ዳር አስያዘ። ባርኔጣውን አወለቀ።