«የፋብሪካ ነኝ» ያለችው ሮዛሊ

ሮዛሊ ፔልኪ የሳሎኗ በር መቃን የተጣመመ መስሏት አናጢ ጠራች። አናጢው ውሃ ልኩን መቃኑ ላይ አስደግፎ አየ፤ አዙሮም ደግሞ አየ። «ቤትሽስ ደህና ነው» አላት። «ዓይንሽን ብትታዪ ይሻላል።» እሷ ግን የተበላሸው ውሃ ልኩ ነው ብላ ተከራከረችው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዓይኗ እንጀራ የበላች ሴት «ዓይንሽ ነው የተሳሳተው» ስትባል እንዴት ትቀበል? እኔም ብሆን አልቀበልም ነበር።

እኔና ሮዛሊ የወረቀት ፋብሪካው መልቀሚያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ሠርተናል። ሥራችን የተቆረጠውን ወረቀት እያገላበጡ ነቁጥ፣ ሽብሽብና ቀዳዳ ያለበትን መልቀም ነበር። ሌሎቻችን ትንፋሻችንን ውጠን ነው የምንለቅመው። ሮዛሊ እያወራች፣ ሰው እያማች፣ ሳንድዊቿን እየገመጠች የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አታመልጣትም። አለቃ «ይህ ደህና ወረቀት ነው» ብሎ ከተከራከራት ወደ መስኮቱ ታነሳውና «እስቲ በዚህ በኩል እየኝ» ትለዋለች፤ አለቃው ወረቀቱን ራሱ ከሚጣለው ክምር ላይ ያኖረዋል።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ሴት ልጆቿ ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ወርደዋል። እሷ ከወንዙ በላይ ባለው አቀበት ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ በረዶዋን ራሷ ትጠርጋለች፣ መኪናዋን ራሷ ትነዳለች። በሰሜን አሜሪካ ጫፍ ባለችው በሜይን ምድር መኪና መንዳት ያቃተው ሰው ወይ ልጆቹ ጋ ይጠቃለላል፣ ወይ የአረጋውያን ቤት ይገባል። ሮዛሊ ሁለቱንም እንደ ሞት ነው የምትፈራው፤ ፈራሁ ብላ ግን አታውቅም።

አሁን ስለ አንዲት ቃል ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያች ቃል ነውና። በእኛ ከተማ «ጡረታ ወጣሁ» የሚል ሰው የለም። ከፋብሪካው ከወጣ አሥር ዓመት ያለፈው፣ ወገቡ የጎበጠ ሽማግሌ እንኳ ቢጠየቅ «የፋብሪካ ነኝ» ነው የሚለው። እንዲህ የምንለው ወደን አይደለም። ፋብሪካው ጡረተኞቹን እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲያሳክም አምስት ወር ሥራ አቁመን፣ ባቄላ ብቻ እየበላን፣ በበረዶ ላይ ቆመን ነው ያስፈረምነው። የጤና መድኑ ካርድ ላይ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ተስሏል። ያን ካርድ የያዘ የፋብሪካ ነው፤ አበቃ።

ሮዛሊ ከፋብሪካው ወጥታ ስልሳ አምስት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው መድን፣ ሜዲኬር የሚሉት፣ ደብዳቤ ላከላት። ሜዲኬር ሁለት ዋና ክፍል አለው። የሆስፒታሉ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ይመጣል። የሐኪሙን ክፍል፣ ክፍል ቢ የሚሉትን፣ ለማግኘት ግን መመዝገብና በየወሩ መክፈል ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ይዛ ፋብሪካው ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ድዌይን ሲር ጋ ሄደች። ድዌይን የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ የፋብሪካው የእንፋሎት ቦይለር ላይ ነው ያረጀው።

«ክፍል ቢን ልመዝገብ ወይስ ይቅር?» አለችው።

«አንቺ እኮ የፋብሪካ ነሽ» አላት ድዌይን። «ካርድሽ እያለ በየወሩ ለመንግሥት የምትከፍዪው ምን በወጣሽ?»

እሷም አልተመዘገበችም። ድዌይን ለሁላችንም ያለው ይህንኑ ነው። ክፋት አልነበረበትም፤ እሱም እንደኛው በዚያች ቃል ያደገ ሰው ነው። እኔ የተመዘገብኩት ብልህ ሆኜ አይደለም፤ እህቴ ከከተማ ደውላ ስለጨቀጨቀችኝ ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ሰው ሥራ ላይ ሳለ፣ በትልቅ ፋብሪካ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚከፍለው የአሠሪው መድን ነው፤ ሜዲኬር ከኋላ ይመጣል። ጡረታ በወጣ ማግስት ግን ተራው ይገለበጣል። ሜዲኬር ፊት ይሆናል፣ የፋብሪካው ካርድ ኋላ። ሁለት ሰው ቁም ሣጥን ሲሸከም እንደሚያደርገው ነው፤ የኋለኛው የሚያነሳው የራሱን ጫፍ ብቻ ነው። ፊተኛው ባይመጣም እንደመጣ ቆጥሮ ጫፉን ብቻ ይዞ ይቆማል። ቁም ሣጥኑ እግርህ ላይ ቢወድቅ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። «የፋብሪካ ነኝ» የሚል ሰው ደግሞ ራሱን እንደ ሠራተኛ ስለሚቆጥር ይህ መገልበጥ አይታየውም።

ያ መቃን የተጣመመባት ዕለት ሮዛሊ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ወሩም ሚያዝያ፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ። በማግስቱ የስልክ እንጨቶቹም ተጣመሙባት። እንጨቶቹን ሁሉ ውሃ ልኩ ነው ያበላሸው ማለት ስለማይቻል ሐኪም ጋ ወሰድኳት።

«በቀኝ ዓይንሽ ጀርባ ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮች እያፈሰሱ ነው» አላት ሐኪሙ። «በየወሩ ዓይንሽ ውስጥ መርፌ እንወጋለን። ከጀመርን ያለውን እናቆየዋለን። ካዘገየን የጠፋው አይመለስም።»

«ውጋኛ ታዲያ» አለች፤ እንደ ጉንፋን መርፌ።

የሐኪሙ ጸሐፊ የፋብሪካው መድን ካምፓኒ ጋ ደወለችና ስልኩን ለሮዛሊ ሰጠቻት። ከወዲያ በኩል ያለው ልጅ በጣም ትሁት ነበር። «እኛ ሁለተኛ ከፋይ ነን እማማ» አለ። «ድርሻችንን እንከፍላለን።»

«አንደኛው የታለ?»

«ሜዲኬር ነው። እርስዎ ክፍል ቢ ውስጥ የሉም።»

«ስለሌለሁማ ነው አንተ የምትከፍለው።»

«አይደለም። ቢኖሩ ኖሮ ሜዲኬር ከፍሎ የሚተርፈውን ብቻ ነው የምንከፍለው።»

ስልኩን ዘጋችና ወደኔ ዞረች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለች። «አምስት ወር ባቄላ የበላሁት ለዚህች ካርድ ነው?»

የክፍል ቢ ምዝገባ ለዘገየ ሰው በየዓመቱ ከጥር እስከ መጋቢት ነው የሚከፈተው። እኛ የደረስነው በሩ ከተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። እስከ ጥር ብትጠብቅ በዚያ ዓይን መቃኑን ቀርቶ በሩንም አታየውም። ሐኪሙ ደግ ሰው ሆኖ ለናሙና የመጣለት አንድ መድኃኒት ነበረውና የመጀመሪያውን መርፌ በዚያ ወጋት። «ለሁለተኛው አንድ ወር አለሽ» አላት።

ሜዲኬርን ወደሚመዘግበው መንግሥት ቢሮ ይዣት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ራሰ በራ ሰው ታሪኩን እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ይህንን የሚያደርግ ሰው ብርቅ ነው።

«አትመዝገቢ ያለዎት አሠሪዎ ነው?» አለ።

«አዎ። ድዌይን ሲር።»

«አሠሪ አሳስቶት የቀረ ሰው ጥርን ሳይጠብቅ፣ የመዘግየት ቅጣትም ሳይከፍል የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ግን ማስረጃ ያስፈልገኛል። ፋብሪካው እንደዚያ ብሎዎት እንደነበር የሚያሳይ ጽሑፍ ያምጡልኝ። ይህ ወር ሳያልቅ ካመጡ ከሚቀጥለው ወር አንድ ጀምሮ ይሠራልዎታል።»

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ድዌይን የተናገረው በቃል ነበር።

በዚያው ቀን ፋብሪካ ሄድን። ድዌይን ሲያየን ተነሥቶ ወንበር ሳበላት። ሰምቶ ነበር።

«ጻፍልኝ» አለችው ሮዛሊ። «ያልከኝን ብቻ። ሌላ አልፈልግም።»

«እኔማ በጻፍኩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ በፋብሪካው ወረቀት መጻፍ አልችልም። ከሥራ ያባርሩኛል ሮዛሊ። አሥራ አራት ወር ነው የቀረኝ።»

«እኔም የቀረኝ አሥራ ስድስት ቀን ነው።»

ድዌይን የዋናውን መሥሪያ ቤት ስልክ ጽፎ ሰጣት። ዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ ግዛት ነው፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ፋብሪካውን ከገዙት ሦስት ዓመታቸው፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተው ሽታውን አላሸተቱም። ሮዛሊ ደወለች። ሚስ ሃርግሬቭ የምትባል ሴት አነሳች።

«'የፋብሪካ ነሽ' ማለት የአካባቢው አነጋገር እንጂ የመሥሪያ ቤታችን ምክር አይደለም» አለች ሚስ ሃርግሬቭ።

«ልክ ነሽ የኔ እመቤት» አለች ሮዛሊ። «የአካባቢው አነጋገር ነው። የአካባቢው ሰው ነው በደመወዝ ያስቀመጣችሁት።»

ሴትየዋ እናስብበታለን ብላ ዘጋች። እኔ ተናድጄ ጠረጴዛ መታሁ። ሮዛሊ ግን ቅዳሜ እስኪደርስ ጠብቃ ኮቷን ለበሰች። ቅዳሜ ማታ ማታ የሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ የባቄላ እራት አለ። ሁሉም ሳህኑን ይዞ ሲቀመጥ ወንበር ላይ ወጣች። በዚያ ዓይን እንዳትወድቅ ወንበሩን ያዝኩላት።

«እዚህ ውስጥ ጡረተኛ የሆነ እጁን ያውጣ» አለች። አንድም እጅ አልወጣም። «የፋብሪካ የሆነ» አለች፤ አዳራሹ ሁሉ እጁን አወጣ።

ኦነሲም ፑለን፣ ሰማንያ የሞላው ቀልደኛ ሽማግሌ፣ «ሮዛሊ፣ ለምርጫ ልትወዳደሪ ነው?» አላት።

«አዎ፣ ላንተ ሞግዚትነት። ከስልሳ አምስት በላይ ሆኖ ክፍል ቢ የሌለው እጁን እንዳወጣ ይቆይ።»

እጆች ወረዱ። አሥራ አንድ ቀሩ። የኦነሲም ሚስት እጅ አንዱ ነበር፤ ኦነሲም እጇን አየና መሳቁን ተወ። ሮዛሊ የከፋዮቹን ተራ ነገር ልክ እኔ እንደነገርኳችሁ ነገረቻቸው፣ በተሻለ ስድብ። «ካርዳችን ጥሩ ካርድ ነው» አለች። «እንዳትጥሉት፤ አንዴ ከጣላችሁት አይመልሱላችሁም። ብቻውን ግን የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።»

ወሬው ዋናው መሥሪያ ቤት የደረሰው ከባቄላው ሽታ ቀድሞ ነው። ማክሰኞ ድዌይን ሮዛሊ ቤት መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ቆቡን እንደያዘ ቆመ፣ ተቀመጥ ብትለው እምቢ አለ።

«ደብዳቤውን ይሰጡሻል» አላት። «በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ለሌሎቹ አሥራ አንዱ እንዳታሳዪ፣ እንዳትናገሪም። እሺ ካልሽ ትፈርሚያለሽ።»

ሮዛሊ ወደ መስኮቱ ዞረች። ለዚያች ዓይን የቀራት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ እኔ ፈርሚ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ለአንድ አፍታ ኦነሲምንም ሚስቱንም ረስቻቸዋለሁ፤ አሁንም አፍርበታለሁ።

«አይሆንም በላቸው» አለች ሮዛሊ። «የምታወር ከሆነ ልታወር። የእነ ኦነሲምን ዓይን ሸጬ የራሴን አልገዛም። እንዲያውም ከነገ ጀምሮ የሁሉንም በር እያንኳኳሁ ነው የምነግር። ይህንንም ጨምረህ በላቸው።»

ድዌይን ከኮቱ ኪስ ፖስታ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «በስልክ ነበር 'በቃል ንገራት፣ ምንም አትጻፍ' ያሉኝ» አለ። «ከዚህ በፊት በቃል የነገርኩሽ ይበቃል ብዬ ጻፍኩት።»

ፊደሉ ለሮዛሊ ስለተጣመመባት እኔ አነበብኩት። የፋብሪካው ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው ለሮዛሊ ፔልኪና ለሌሎች ጡረተኞች ክፍል ቢ አያስፈልጋችሁም ብሎ በስሕተት እንደነገራቸው፣ ይህንን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ለእሷ ብቻ እንደሚሰጣት፣ በምትኩ ለሌሎቹ ዝም እንድትል መሥሪያ ቤቱ እንደሚጠይቅ ይላል። ከታች ሁለት መስመር አለ። አንዱ ላይ ድዌይን ሲር ፈርሟል። ሌላው ባዶ ነው።

«ድዌይን» አልኩት፣ «ይህ ራሱ ማስረጃ ነው እኮ።»

«እኔ ስለ ሕግ አላውቅም ዣኒን» አለ። ቆቡን አድርጎ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት በሩ ሳይከፈት መንግሥት ቢሮው ደጃፍ ቆመን ነበር። ራሰ በራው ሰው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ መነጽሩን አወለቀና አንድ ጊዜ ሳቀ። ኮፒ አንሥቶ አስገባው። ከወሩ መባቻ ጀምሮ ሜዲኬር ፊት፣ የፋብሪካው ካርድ ኋላ ሆነው ቁም ሣጥኑን አነሱት። ሁለተኛዋ መርፌ በጊዜዋ ገባች። በዓይኗ መሐል የቀረች ጥላ አለች፤ አልጠፋችም፣ አልሰፋችምም። መኪናዋን በግራ ዓይኗ ነው የምትነዳው።

እኛ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ ወረቀቱን በትልቁ አባዝተን ለጠፍነው። አሥራ አንዱም ያንኑ ኮፒ ይዘው ሄዱ፤ በሐምሌ የመጨረሻው ተመዘገበ። ድዌይንን በግንቦት አሰናበቱት። ማኅበሩ እየተከራከረለት ነው፤ ሮዛሊ ስብሰባ ቀርታ አታውቅም።

ሚስ ሃርግሬቭ የደወለችው ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሮዛሊ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ያ ደብዳቤ የምሥጢር ስምምነት ነበር» አለች ሴትየዋ። «ለማንም ማሳየት አይፈቀድልዎትም። ውሉን አፍርሰዋል።»

ሮዛሊ ወረቀቱን አነሳችና ጥላዋን ለማምለጥ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ያንን ባዶ መስመር ተመለከተችው። ነጭ ነበር፣ አንዲት ነቁጥ የለበትም።

«የት ነው የፈረምኩት?» አለች።

ሴትየዋ ወረቀቷን ስታገላብጥ ይሰማል። ሮዛሊ አላጣደፈቻትም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፈልጋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።