ቆሞ የሚነዳው አባቴ

ልጄ እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ወር ከገበያ ሊመልሰኝ ሲመጣ የሾፌር መቀመጫው ላይ የታጠፈ ጋቢ አየሁ። ለብርድ ነው ብዬ ላልፈው ነበር፤ የእንጅባራ ብርድ ለብዙ ነገር ሰበብ ይሆናል። ግን ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ሲል አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ዳንግላ ጋሪ ይነዳ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልገባ በነበረበት ክረምት ቆሞ መንዳት ጀመረ። ጎማውን ጭቃ እየዋጠው እሱ የፈረሱን ዛብ ይዞ እንደ ሹም ቀጥ ብሎ ያልፋል። የገበያው ሰው ጠገበ ይለው ነበር፤ እኔ ደግሞ እኮራበት ነበር። በዚያ ዕድሜ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ሁሉ ጤነኛ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ግን በርበሬ ከወጡ ቀረ። እናቴ ጧት ጧት ተልባ ትበጠብጥለታለች። ልብስ አጥቦ የማያውቀው አባቴ ሱሪውን ይዞ ብቻውን ወደ ወንዝ ይወርዳል። እናቴን ብጠይቃት ኪንታሮት ነው፣ ለሰው አይወራም አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ጎረቤቱን ሁሉ የምትመክረው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ከዘመድ ቤት ሲመልሰኝ ዶፍ ዝናብ ያዘን። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ሰው የለም።

«አባዬ፣ እዚህ ማንም አያይህም። ትንሽ ተቀመጥ» አልኩት።

«ከተቀመጥኩ አልነሳም፣ ልጄ» አለኝ፣ ዞር ሳይል።

ለመስቀል አልደረሰም። ለቀስተኛው ብርድ መትቶት ነው አለ፤ እኛም አላረምንም።

ልጄን ለምኜም ተቆጥቼም ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ትናንት ውጤቱን ልንሰማ ስንገባ ወንበር ቢሰጡት ቆሜ እሰማለሁ አለ። ትልቁ አንጀቱ ላይ ዕጢ አለ፤ ካንሰር ነው፤ ግን ገና ስላልተዛመተ በቀዶ ሕክምና ይወጣል አለችን ሐኪሟ። ስታስረዳንም፣ የአንጀት ሕዋስ ዘወትር እያረጀ ይተካል፤ ተባዛ የሚል መልእክት በቅብብል እስከ ሕዋሱ ዘረ-መል ይደርሳል፤ ሲበቃ የሚያስቆም ሌላ ዘረ-መል አለ። ያ ማስቆሚያ ከተበላሸ መልእክቱ ማንም ሳይልከው ይደርሳል፤ ሕዋሱም ዛቡ እንደተበጠሰ ፈረስ ይሆናል። ብልሽቱ አንዳንዴ ከወላጅ ይወረሳል አለችና ከቤተሰብ የታመመ እንዳለ ጠየቀች።

ልጄ ፈጥኖ የለም አለ። ምን ያድርግ፣ እኛው ያስተማርነውን ነው የመለሰው።

«አባቴ ቆሞ ነበር የሚነዳው» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ተልባውን፣ ወንዙን። ልጄ ስለ አያቱ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሐኪሟ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ?»

ተመርምሬ አላውቅም። ለእኔም ቀጠሮ ያዘችልኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አባቴ ያወረሰኝ ቁመቱን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን በተቀመጥኩ ቁጥር ራሴን አዳምጣለሁ።