የፓክ ዋጊራን ደካማ አምፕሊፋየር

እኛ ሰፈር የአንዱ ቤት የመብራት ካርድ ሊያልቅ ሲል ቆጣሪው ቲት፣ ቲት፣ ቲት እያለ ይጮሃል። የሚሰቀለው በረንዳ ላይ ነውና መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። «እከሌ ዛሬም ካርድ አልሞላም» ብለን እናማለን፣ እንስቃለን። አባባ እንደማለት «ፓክ» የምንለው ፓክ ዋጊራን ግን የራሱን ቆጣሪ ሰምቶት አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የእሱስ የምር ባዳ ነው።

ዕድሜውን የፈጀው ከማላንግ ከተማ ወዲህ ባለው ስኳር ፋብሪካ፣ ሲጮህ ከሚውል ማሽን ሥር ቆሞ ነው። ፋብሪካው ጡረታ ሲያወጣው ጆሮውን አስቀርቶበት ነው የሸኘው። ግራ ጆሮው ሥር ገብተው ካልጮኹበት የሰው ድምፅ አይሰማም። ዘፈን ግን ሲወድ! የድሮ የጃቫ ዘፈን፣ ከበሮና ጎንግ የሚባል የነሐስ ደወል ያለበት። ትልቅ የስፒከር ሣጥን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ መዳፉን እላዩ ላይ ጭኖ ያዳምጣል። «በእጄ ነው የምሰማው» ይላል። ሚስቱ ቡ ቱሚራህ ደግሞ «እኔን በእጁም አይሰማኝ» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ይህ እንግዲህ ሳንባዋ ሳይከዳት ነው። ከታመመች ወዲህ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ ተደርጎላት፣ የኦክስጅን ማሽኑ አጠገቧ እያጉረመረመ፣ ሳሎን ተኝታ ነው የምትውለው። መብራት ከሄደ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ያኔ ከአልጋው ራስጌ የቆመውን ሲሊንደር የሚከፍትላት ባሏ ነው። እሷ እንኳን ሲሊንደር ማንኪያ ማንሳትም አቅቷታል። የቤቱ መስመር ደግሞ የድሃ መስመር ነው፤ ማሽኑ ከተሰካ በኋላ የሚተርፈው ለአንድ አምፖልና ለአንድ ማራገቢያ ቢበቃ ነው።

ልጃቸው ጉፍሮን ጎረቤታቸው ነው የሚኖረው። ደግ ልጅ ነው፣ ጭንቅላቱ ግን ገለባ። አንድ ቀን ለሠርግ ቤት የሚያከራየውን ግዙፍ አምፕሊፋየሩን አምጥቶ፣ ከራሱ ቤት በመስኮት ገመድ ስቦ ሰካለት።

«አባዬ፣ በእኔ መስመር ነው! ያንተ ብሬከር አይወርድም። እስክትጠግብ ስማ!»

እኔ፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለሁት ጎረቤታቸው፣ ገመዱን ሳየው ደስ አላለኝም። ለምን ብትሉኝ አላውቀውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ቀትር ላይ ነው። ብርጭቆዎቼ መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ፣ የምጠብሰው ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ቂጣዬ፣ መጥበሻው ውስጥ ይዘላል። «አሁንስ በዛ!» ብዬ ልሳደብ ወጣሁ። በረንዳቸው ላይ ስደርስ ነው የቆጣሪው ቀይ መብራት ዐይኔ የገባው። ካርዱ አልቋል። ቲት ቲት ሲል ዘፈኑ ውጦት ማንም አልሰማም። ገባሁ። ማሽኑ ቀጥ ብሏል። ዘፈኑ ግን በልጁ መስመር ቤቱን ያናውጣል። ፓክ ዋጊራን ዐይኑን ጨፍኖ፣ መዳፉን ሣጥኑ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ ተቀምጧል። የቡ ቱሚራህ ከንፈር የዶቅማ ፍሬ መስሏል፤ ዐይኗ የባሏ ጀርባ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ጠርታው እንደሆን አላህ ይወቀው። ያን ጀርባ የምታይበት አስተያየት እስካሁን ከፊቴ አልሄደም።

በጡጫ መታሁት። ዘሎ ሲሊንደሩን ከፈተው። ተረፈች።

የልጁን አምፕሊፋየር መለሰለት፤ ሳምንት አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት ደጄ መጥቶ፣ «ተነሺ፣ ገበያ እንሂድ። ጆሮ ሁኚኝ» አለኝ።

«ምን ልትገዛ?»

«አምፕሊፋየር።»

«አንተ ሽማግሌ፣ አብደሃል? ልትገድላት ነው?» ብዬ ጮህኩበት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። እሱ ግን ቀድሞኝ መንገድ ጀመረ።

ሻጩ ምላሱ የማያርፍ ጎረምሳ ነው። ሽማግሌን እንደሚያከብር ልጅ ምባህ እያለ፣ ሰማያዊ መብራት የሚረጭ ትልቅ ዕቃ አወረደ። «ሺህ ዋት ነው ምባህ! በዚህ ዋጋ የትም አያገኙም!»

«ሺህ ዋት የሆነው ቀለሙ ነው» አልኩት።

«አይ እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ ይወጋሉ!»

ፓክ ዋጊራን አልሳቀም። መዳፉን የሱቁ ስፒከር ላይ አደረገና «ክፈተው» አለ። ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ «ከግድግዳው ንቀለው» አለ። ልጁ ነቀለው። ገመዱ መሬት ወድቆም ዘፈኑ ትንሽ ቀጠለ፣ ከዚያ እየከሰመ ጠፋ።

«አዩልኝ?» አለ ሻጩ ደረቱን ነፍቶ። «ተነቅሎም እንኳ ቶሎ አይሞትም። የጥሩ ዕቃ ምልክቱ ይኼ ነው!»

ጆሮው ሥር ጮኼ ነገርኩት። ፓክ ዋጊራን ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ የምፈልገው ቶሎ የሚሞተውን ነው።»

ልጁ ወደ መደርደሪያው ዞረ። አንድ ሦስቱን እየሰካ እየነቀለ ካስሞከረው በኋላ፣ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ መዳፍ የምታክል ዕቃ አወጣ። «ይቺ እኮ የሬዲዮ ድምፅ ናት ምባህ፣ ሁለት ዶሮ አትገዛም» አለ። ሰክቶ፣ አጫውቶ ነቀላት። ሣጥኑ ወዲያው ጭጭ አለ። ፓክ ዋጊራን እሳት እንደነካው እጁን አነሳ።

«ይቺን እወስዳለሁ» አለ።

ቤት ደርሶ ከኦክስጅን ማሽኑ ጋር አንድ ሶኬት ላይ ሲሰካት ነው የገባኝ። «ማሽኑ ሲሞት ይቺም ትሞታለች» አለኝ። «እጄ ይነግረኛል።»

ከዚያ በኋላ ለደስታ ብሎ ዘፈን መስማት ቀረ። ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱን ወደ አልጋው አዙሮ፣ መዳፉን ሣጥኑ ላይ ጭኖ ይጠብቃል። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለችው ዝምታ እንኳ ከወንበሩ ታስፈነጥረው ነበር። ጉፍሮን ዘፈኖቹን ክፍተት እንዳይኖራቸው አድርጎ ቀጠለለት። ቡ ቱሚራህ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ «ሰውዬው ዘበኛዬ ሆነ» ብላኝ ፈገግ አለች። አንድ ጊዜ መብራት በእውነት ሲጠፋ፣ እኔ አጥሩን ሳልሻገር ሲሊንደሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ያን ቀን እንደ ልጅ ነው የሳቀው።

በዝናቡ ወር አንድ ከሰዓት ሾርባ ይዤላቸው ገባሁ። መብራቱ አለ። ማሽኑ ያጉረመርማል። ዘፈኑም ይሄዳል። ፓክ ዋጊራን መዳፉን ሣጥኑ ላይ ጭኖ ያያታል። ቡ ቱሚራህ የተኛች ትመስላለች። ደረቷን አየሁ። ደግሜ አየሁ። ጎንበስ ብዬ እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል።

ሾርባውን መሬት አስቀምጬ፣ ምን እንደምለው ጨንቆኝ፣ አምፕሊፋየሩን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ። የእጄን አንጓ ጨምድዶ ያዘኝ።

«ተዪው!» አለ። «እየተንቀጠቀጠ እኮ ነው። ደህና ናት።»