ኮቱ አለ፣ ሰውየው የለም

በክረምት ዝናብ የራሰ ኮት ወንበር ላይ ተሰቅሎ ሲደርቅ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው፣ መንግሥት ቢሮ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው። ግማሹ የእርጥብ በግ፣ ግማሹ የናፍታሊን ሽታ ነው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ብቸና ካለው ቢሮዬ ተነሥቼ ወደ ሠራተኞቼ ክፍል ስገባ የተቀበለኝ ይኸው ሽታ ነበር። አምስት ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ አምስት ኮት፤ ሰው ግን ለመድኃኒት የለም። የሰዓት ፊርማው ላይ አምስቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ብለው ፈርመዋል። ኮሪደሩ ላይ ከየገጠሩ የመጡ ባለጉዳዮች ዝናብ የጠገበ ጋቢያቸውን እንደለበሱ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፤ ከመካከላቸው አንዲት ሴት የተናደድሁ መሆኔን ዐይታ፣ "ኮታቸው አለ እኮ፣ ሩቅ አልሄዱም" ብላ እኔኑ ልታጽናናኝ ሞከረች። ይህን ጊዜ ደሜ ፈላ።

አምስቱንም ኮት ሰብስቤ ቢሮዬ ቆለፍሁባቸው። ልጆቹ ከሻይ ቤት ሲመለሱ "ሌባ ገብቷል" ብለው ጥበቃውን አዋከቡት፤ እኔም ወጥቼ፣ በዚህ ቤት ለሥራ የሚገባው ኮት ነው፣ ዛሬ ኮታችሁ ወንበሩ ላይ ስለሌለ ቀርታችኋል አልኋቸውና አምስቱንም ቀሪ አድርጌ መዘገብሁ። ከመካከላቸው አንደኛው፣ ደኅና ልጅ ነው፣ "እትዬ፣ ለአንድ ሻይ ይህን ያህል? አበሻና ሰዓት መቼ ተስማምተው ያውቃሉ?" አለኝ። ለሻዩ ይቅርታ አደርግ ይሆናል፤ ለዚህች ለሁለተኛዋ ዐረፍተ ነገር ግን እስክሞት ይቅርታ የለኝም። ምክንያቱም እኔ የደወል መቺ ልጅ ነኝ።

አባቴ ብቸና ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛና ደወል መቺ ነበር። ደወል የምንለው ከግቢው ወይራ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ሲሆን፣ መምቻው ደግሞ የትም እንዳይጠፋ አባቴ ማታ ማታ ይዞት የሚገባ ብረት ነበር። የእጅ ሰዓት አልነበረውም፤ ቢሰጡትም አያስርም። በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲማር፣ ካህናቱ በጾም ቀን የቅዳሴውን ሰዓት ጥላቸውን በጫማ ለክተው ሲያውቁ አይቶ ያንኑ ይዞ ቀረ። ፀሐይ ስትወጣ ከሜዳው መካከል ጀርባውን ሰጥቷት ይቆማል፤ የጥላው ራስ ያረፈበትን በዐይኑ ይይዛል፤ ከዚያ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገናኘ፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ አንድ ሁለት እያለ ይሄዳል። የየወሩ የጫማ ቁጥር የተለያየ ስለሆነ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። ከመለካቱ በፊት ግን የጎማ ጫማውን ማውለቁን አይረሳም። ጫማ ይዋሻል፣ ቁመትና እግር ግን አብረው ስላደጉ አይካካዱም ይል ነበር። እኔና እህቴ ትርንጎ ከኋላው ተከትለን በየራሳችን ጥላ ላይ ስንለካ የሁላችንም ቁጥር አንድ ሲሆን፣ እኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ትስቅብኛለች። ደመና በሆነ ቀን በምን እንደሚያውቅ እስከ ዛሬ አልደረስሁበትም፤ ሆዱን አዳምጦ ነው የሚሉ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ደወሉ አምስት ደቂቃ ዘግይቷል ብሎ ቢቆጣ፣ አባቴ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ሰዓትዎን ያሳዩት ጌታዬ፣ የታመመ ይመስለኛል" አለው። ሰውየው ወዲያው የዳይሬክተሩን ሰዓት ጠየቀና የራሱን ሲያስተካክል አይቻለሁ።

እንግዲህ አበሻ ሰዓት አያውቅም የሚለኝ ሰው ይምጣና ባዶ እግሩን ቆሞ ጥላውን ይለካ!

ትርንጎ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ዐሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ተመረጠች፤ ከሰፈራችን ሴት ልጅ ለእንዲህ ያለ ነገር ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ስለነበረች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ገና ሳትሄድ ሕመሙን ይነግራት ጀመር። ምዝገባው ሞጣ ነበር። ስሟ ያለበት ዝርዝር ግን በማን ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ እንደ ሰነበተ እንጃ፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ሐሙስ ከሰዓት ሲሆን ምዝገባው ዐርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አባቴ ደወሉን ለማን ይተወዋል? ብቻዋን እንዳትሄድ እኔን ጨመረላትና፣ "በጊዜ ከደረሳችሁ ማንም አይመልሳችሁም። የመንግሥት በር ሰዓቱ ሳይደርስ አይዘጋም" ብሎ በማለዳው አውቶቡስ አሳፈረን።

አውቶቡሱ በዚያ ኮረኮንች መንገድ እያንገጫገጨን፣ እኔም ሁለት ጊዜ አስመልሼ፣ አምስት ሰዓት ላይ ሞጣ ገባን። የቢሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ላይ የሥራ ሰዓት በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ገበሩ የተተረተረ ግራጫ ኮት አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ፣ "ኮታቸው አለ፣ አሁን ይመጣሉ። ቁጭ በሉ ልጆቼ" አለችን። ቁጭ አልን። ትርንጎ በጋዜጣ የጠቀለለችውን የትምህርት ማስረጃ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቀሚሷ እንዳይጨማደድ ጀርባዋን ሳታስደግፍ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ምሳ ሰዓት ሆነ፣ አለፈ። ሌላ ሰው መጣ፣ ኮቱን አየ፣ ጠበቀ፣ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እኔ ራበኝ ብዬ አለቀስሁ። መጀመሪያ ቆጣችኝ፣ ቀጥላ አባበለችኝ፣ በመጨረሻ እጄን ይዛ እየሮጠች ከመንገዱ ማዶ ቆሎ ገዛችልኝና እየሮጠች መለሰችኝ። ኮቱ እንደነበረ ነው፤ እጅጌው እንኳ አልተነቃነቀም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰውየው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ገባ። ኮቱን ከወንበሩ አነሣና፣ አንዱን እጁን እንዳገባ፣ "ምዝገባው እኮ ተዘጋ። እስካሁን የት ቆይታችሁ ነው?" አለን።

እህቴ አለቀሰች፣ ጠዋት መምጣታችንን ነገረችው፣ የጽዳት ሠራተኛዋም አንገቷን ደፍታ መጥረጊያዋን አነሣች። ሰውየው እንዳዘነ ሰው ሆኖ ወረቀቷን ተቀበለና "በሰዓቱ ስላልቀረበች አልተመዘገበችም" ብሎ ጻፈበት፣ ፈረመበት፣ ማኅተም አደረገበት። ለዚህ ለዚህ ሲሆን እጁ ቀልጣፋ ነበር። ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት ሁለት ጊዜ እፍ ሲልበት አሁንም ይታየኛል።

ቅዳሜ ብቸና ተመለስን። አባቴ ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበበ፣ እንደገና አነበበ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል ብሎ ማሰብ አልተማረም፤ እሱ ቸርኬውን ያለ ሰዓቱ እንደማይመታ ሁሉ፣ ሌላውም ሹም ያለ ሰዓቱ የሚፈርም አይመስለውም። "ከደጁ ተንቀሳቅሳችኋል?" አለ። ትርንጎ፣ "አልተንቀሳቀስንም አባባ" አለች። ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ? እውነቱን።" እኔ እውነት የተማርሁት ከሱ ነው። "ቆሎ ልንገዛ ሄደን ነበር" አልሁ። ከዚህ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስለ ተሰቀለው ኮት ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት? ወረቀቱን አጥፎ መለሰላትና፣ "በሰዓት ለሚቀልድ ሰው የሰው ነፍስ አደራ አይሰጥም። ልክ ናቸው" አላት። በጥር ለመርጡለ ማርያም ሰው ተዳረች። ከዚያ ቅዳሜ እስከ ሠርጓ ድረስ ጠጉሬን የምትሠራልኝ እሷው ነበረች፤ አንድ ቀን እንኳ ጎተት አድርጋ አላሳመመችኝም። ምነው ባሳመመችኝ!

የዐሥር ዓመት ልጅ ላይ መቆጣት ሞኝነት ነው ይሉኛል። እኔ እቆጣታለሁ። ሰውየውንማ በየቀኑ እቆጣዋለሁ፤ ሞቶም እንደሆነ አፈሩን አያቅልለት።

ዓመታት አለፉ፣ እኔም ተምሬ ሥራ ያዝሁ፣ አባቴም በዕድሜ ከደወሉ ተሰናበተ። የጡረታ ወረቀቱን ለማስጨረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ከቢሮው ደጅ ይገኝና ቀኑን ውሎ ይመለሳል። እንዲህ እያለ ሦስት ቀን ሄደ። በአራተኛው ቀን ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና፣ "ያ የሞጣው ሰውዬ፣ ወንበሩ ላይ ኮቱ ብቻ ነበር?" አለኝ።

"ኮቱ ብቻ ነበር አባባ።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"ቀኑን ሙሉ።"

ውኃ ስጪኝ አለ፣ ሰጠሁት፣ ሳይጠጣው አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሯል። መርጡለ ማርያም የግማሽ ቀን መንገድ ናት፤ ሄዶ "ልጄ፣ በድዬሻለሁ" ይላታል ብዬ አንድ ክረምት ጠበቅሁ፣ ሁለት ክረምት ጠበቅሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ አባቴ ግን ያንንም አልጮኸ። ያ ለአንድ ደቂቃ ልቡ የሚቆስል ሰው ስድስት ዓመት ዘገየ፣ ከዚያም ሞተ። በለቅሶው ቀን ትርንጎ ደረቷን እየመታች፣ "ሰዓት አክባሪው አባቴ" እያለች ሙሾ ስታወርድ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ግን ከንዴቴ ብዛት እንባዬ እንቢ አለኝ።

ባለፈው ሐሙስ ደወለችልኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ልጅ ልጆቿ ስታወራኝ ቆየችና፣ "አንቺስ መቼ ነው የሚያሳርፉሽ?" አለችኝ። ሰባት ዓመት ይቀረኛል፣ በስልሳ ዓመት ነው የሚወጣው አልኋት።

"እኔ እኮ በሐምሌ ስልሳ ሞላኝ" አለች። "ዘንድሮ ጡረታ እወጣ ነበር በይኛ።"

የዋህ ድምፅ ነበር፣ ሐዘንም አልነበረበትም፣ የሰው ሒሳብ እንደምታሰላ ነበር ያለችው። እኔ ግን መቻል አቃተኝና ሁሉንም ነገርኋት። አባባ ስለ ኮቱ መጠየቁን፣ የመለስሁለትን፣ ውኃውን ሳይጠጣ ማስቀመጡን።

"መቼ ነው የጠየቀሽ?"

"ከመሞቱ ስድስት ዓመት በፊት ነው እታለም።"

"እኔ እኮ እስኪሞት ድረስ ቀላጅ ነሽ እንዳለኝ ነው የማውቀው" አለች፤ አሁን ድምፅዋ ተለውጧል። "እሱስ እሺ አባት ነው፣ አፍሮ ይሆናል። አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ?"

ቢሮ ነበርሁ። በየቀኑ፣ በሰዓቴ።