«አቋረጥኩ» ያለች ዕለት

እኔ እታለም እላታለሁ። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፣ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ቤተሰቦቿ ግን «ዶክተሬ» ነው የሚሏት፤ የዶክትሬት ትምህርቷን በጀመረች በሳምንቱ ማዕረጉን አጽድቀውላታል።

የምታጠናው የሚተኙ ዘሮችን ነው። ውሃም፣ አፈርም፣ ሙቀትም አግኝተው አንነቃም የሚሉ ዘሮች አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ በዩኒቨርሲቲው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ካፖርት ደርባ፣ ክዳን ባላቸው ትናንሽ የመስታወት ሳህኖች ላይ ጎንበስ ብላ ጠበቀቻቸው። አንድ ቀን ምሳ ላደርስላት ገባሁ። ብርሃኑ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፣ ማቀዝቀዣው ያንጎራጉራል፣ እሷ በሹክሹክታ ታወራለች።

«ምን ያንሾካሹክሻል?»

«እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነዋ!»

ሥራዋ መቀስቀስ መሆኑ ትዝ ሲላት ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

ዘንድሮ ግን ሳቋ እየሳሳ ሄደ። ዘሮቹን ትወዳለች፤ ስለ ዘሮቹ መጻፍ ግን እጇን ያስረዋል። ከከተማው ዳር ያለ ችግኝ ጣቢያ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ታግዝ ነበር፤ ከዚያ ስትመለስ ጥፍሯ ውስጥ አፈር፣ ፊቷ ላይ ፀሐይ ይዛ ነው። ኃላፊው «የሥራ ፈቃድ ካለሽ ነገውኑ እቀጥርሻለሁ» አላት።

ችግሩ ፈቃዱ ነበር። በዚህ ባዕድ አገር የምትኖረው በተማሪነቷ ነው፤ ተማሪነቱ ሲቀር መኖሩም ይቀራል። ቢሆንም የመልቀቂያውን ቅጽ ሞላች፤ ፕሮፌሰሯም በረጅሙ ተንፍሶ ፈረመላት። ቅጹን ከማስገባቷ በፊት ግን የውጭ ተማሪዎችን አማካሪ ልታይ ፈለገች። «አብረሽኝ ነይ፤ እኔ ስደነግጥ ጆሮዬ አይሰማም» አለችኝ። ከሁለታችን የባሰች ዓይን አፋር እኔ መሆኔን እያወቀች!

አማካሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ የምትፈልግ፣ ሽበቷ ያማረ ሴት ናት። ቅጹን አየችና ደነገጠች።

«አስገብተሽዋል?»

«ገና ነኝ።»

«ተመስገን። ይኼን ካስገባሽ በአሥራ አምስት ቀን ከአገር መውጣት አለብሽ። አለዚያ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎሽ መዛወር፤ እሱም የመቀበያው ደብዳቤ ቀድሞ እጅሽ ከገባ ነው። ኮርሶችሽን ጨርሰሻል?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ለምን በሁለተኛ ዲግሪ አትመረቂም? አጠር ያለ ጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። ያጠናቀቀ ሰው በሙያው አንድ ዓመት የመሥራት ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄውን ግን ከመመረቅሽ በፊት አስገቢ። ያቋረጠ ሰው ይኼ ዕድል የለውም።»

«ልዩነቱ አንድ ቃል ነው?»

«አንድ ቃልና ሦስት ወር።»

ቤት ስንደርስ «ሦስት ወር? ሦስት ቀንም አልችልም» ብላ ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች። ለማስገባት ቆርጣ ነበር። «በመጀመሪያ ለእናቴ ልንገራት» አለችና ስልኩን ድምፁ ለሁለታችንም እንዲሰማ አድርጋ ደወለች።

«እማዬ... አቋረጥኩ።»

«እሰይ! ግራ ቀኙን አይተሽ ነው? ስልክ እያወራሽ መንገድ አታቋርጪ ስንቴ ልንገርሽ?»

እኔ ትራሱን ነከስኩ።

«መንገድ አይደለም፣ እማዬ። ትምህርቱን ነው።»

መስኮታችን ላይ የዛፍ ጥላ ሲወዛወዝ ቆየ።

«ታመሽ ነው?»

«አይ።»

«ሰው አስከፋሽ?»

«አይ፣ እማዬ። ችግኝ ማፍላት አማረኝ።»

«አባትሽ ጆሮውን ጥሎ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ምን ልበለው?»

«ሰምቻለሁ!» አለ አባትየው ከኋላ። «ከአገሩ ያስወጧታል ወይ በያት!»

እታለም የአማካሪዋን ነገር እየተንተባተበች አስረዳች። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«የኔ ልጅ፣ የተማርሽውን ጽፈሽ፣ ወረቀትሽን ተቀብለሽ ከወጣሽ፣ ይኼ መጨረስ እንጂ ምኑ ነው ማቋረጥ? ሰው ጨርሶ እየወጣ አቋረጥኩ ይላል እንዴ? በይ ደክሞሻል፤ ተኚና ተነሽ።»

እታለም ቅጹን ብዙ ጊዜ አየችው። ቀደደችው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልቀደደችውም፤ አጣጥፋ መዝገበ ቃላቷ ሥር አስገባችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንደ ጭጋግ ነው የሚታዩኝ። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጽፋለች፤ ብርሃኑ ከእጇ ወደ ክርኗ፣ ከክርኗ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። አንዳንዴ እስክሪብቶውን አንሥታ ዓይኗን ትከድናለች፤ እኔ ሻይ ሳስቀምጥላት እንኳ አትሰማም። የፈቃዱን ማመልከቻ ከመመረቋ ሦስት ሳምንት ቀድማ አስገባች። ጽሑፉ ስልሳ ሁለት ገጽ ወጣው፤ ሁለት ገጽ ሙሉ የአጻጻፍ ስሕተት ለቅሜላታለሁ።

የፈቃዱ ካርድ ከተመረቀች በኋላ ዝናብ በሚያካፋበት ሐሙስ በፖስታ መጣ። ከሰኞ ጀምሮ፣ ለአንድ ዓመት። ከዚያ ወዲያ ያለውን አናውቅም፤ አማካሪዋም አታውቅም።

እታለም ወጥታ ለችግኝ ጣቢያው አረንጓዴ ቦቲ ጫማ ገዝታ መጣች። ክፍሉ ጎማ ጎማ ሸተተ። አድርጋው ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አልጋ ተመላለሰች።

«ይሰፋሻል» አልኳት።

«ይሰፋኛል» አለች እየሳቀች። «ዓመቱን ሙሉ ካልሲ እደርብበታለሁ።»