ስንጥቁ ዳር ያረፈው ወንድሜ

ወንድሜ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከመርሳ ሽንኩርትና እህል ጭኖ በሐራ በኩል ወደ አፋር ይወርድ ነበር። ታላቄ ነው። «ነበር» ማለት አሁንም ያስቸግረኛል።

ጦርነቱ ሳይመጣ፣ ትምህርት ተዘግቶ ሳለ አንድ ጊዜ ይዞኝ ሄደ። ከጭፍራ አልፈን ሜዳው መሀል መኪናውን አቆመና «ና ውረድ፣ ተማሪው» አለኝ። መንገዱ እዚያ ላይ አለቀ። እንዴት እንደምለው አላውቅም። አላለቀም፤ ወረደ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሜዳውን ሰንጥቆት አንደኛው ጎን ሰምጧል። የጎማው ዱካ እስከ ጠርዙ ይመጣል፤ ቀጣዩ ከታች ነው፣ ከሰው ቁመት በታች። ላይኛው መሬት ፀሐይ ያጠቆረው ጠጠር ነው። የተቆረጠው ፊቱ ግን እንደተቆረሰ ዳቦ ነጣ ያለ ነበር። አንድ ግራር ግማሽ ሥሩ ከግድግዳው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ቅጠሉ ግን አልደረቀም። ድሮ ሜዳውን አቋርጦ ያልፍ የነበረው ጎርፍ አሁን ግድግዳው ሥር ይተኛል አለኝ ወንድሜ። እዚያ ሣር በቅሎ ፍየሎች ሰፍረውበታል።

በጂኦግራፊ ትምህርት ስምጥ ሸለቆ ማለት በጠመኔ የተሰመረ ሁለት መስመር ነበር። «ይህ መጽሐፍህ ላይ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። «ፍየሎቹስ?» አለ። ሳቅን።

ቤት ገብቶ ለእናታችን ሲያወራ ስንጥቁ ገደል ሆነ። ግመል ከነጭነቱ ሲገባበት በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለላት። እሷ አማተበች፤ እኔ ሳቄን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እሱ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ካልሳቀ ወይም ካልደነገጠ እራት አይበላለትም።

ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ እሱ አፋር በኩል ቀረ። መንገድ ተዘጋ፤ ስልክም ጠፋ። መንገዱ ሲከፈት ባለ መኪናው፣ የወንድሜ አሠሪ፣ ጎረቤት ሽማግሌዎችን አስከትሎ በማለዳ መጣ። በማለዳ እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እናውቃለን። ወባ ነው የገደለው። መድኃኒት አልተገኘም። የሞተው አንድ የአፋር ሽማግሌ ቤት ነው፤ እነሱው ቀበሩት፣ እዚያው ስንጥቁ አጠገብ።

በልብሱ አለቀስን። ፍትሐቱም በሌለበት ተደረገ። ለቀስተኛው ሲበተን ግን እናቴ አላረፈችም። ግመል የዋጠ መሬት ልጇንም እንዳይውጥባት ፈራች። የግመሉ ነገር ቀልድ እንደነበር ነገርኳት፤ አላመነችኝም። «አፅሙን አምጣልኝ፣ መሬቱ ሳይወስደው» አለችኝ።

ከባለ መኪናው ጋር ሄድኩ። አቡጀዲና አካፋ ይዘናል።

ስንጥቁን መጀመሪያ አላወቅሁትም። ጠርዙን ዝናብ ንዶታል። ነጣ ያለው ፊት ጠቁሯል፤ ግድግዳ የነበረው ተዳፋት ሆኖ ፍየሎች መውጫ መውረጃ አውጥተውለታል። ግራሩ ወድቋል፤ ከወደቀበት ግን ቀጥ ያለ ለጋ ቅርንጫፍ አውጥቷል። ከፍ ባለው ጎን ደግሞ አዲስ ስንጥቅ አየሁ፤ ቀጭን ነው፣ ጣት ያስገባል። አሸዋ ቀስ እያለ ይገባበታል።

መቃብሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ድንጋይ በክብ ተከምሮበታል። ጎኑ ላይ ሌላ፣ የቆየ ክምር አለ። ወንድሜ ቤታቸው የሞተው ሽማግሌ አብረውን መጥተዋል፤ አማርኛ ይችላሉ።

«አባባ፣ ይህ መሬት ነገም አይከፈትም?» አልኳቸው።

«ይከፈት ይሆናል። እሱን አላህ ያውቃል» አሉ። ከዚያ የቆየውን ክምር አሳዩኝ። «ይህ አባቴ ነው። ወንድምህን አባቴ ጎን ነው ያስተኛሁት።» ወደ ወንድሜ ክምር ዞሩ። «አንገቱ ላይ ያለውን ክር አልበጠስንም።»

ማተቡን ነው።

ባለ መኪናው አካፋውን እንደያዘ ወንድሙ አንተ ነህ፣ አንተ ወስን አለኝ። አንድ ድንጋይ አነሳሁ። ሌሎቹ ተንሸራተው የሽማግሌው አባት ክምር ላይ ወደቁ። ሁለቱ ክምሮች ተነካክተዋል ለካ። አንዱን ስነካ ሌላውም ይፈርሳል። የወደቁትን እየለቀምኩ መለስኳቸው። ሽማግሌውም ጎንበስ ብለው አገዙኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ባዶ እጄን መምጣቴን አየች። ከማን ጎን እንዳረፈና የማተቡን ነገር ነገርኳት፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ስለ አዲሱ ስንጥቅም አልደበቅኋትም። ጎኑ የተቀበሩት የሽማግሌው አባት ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

«ሳትጠይቅ መጣህ? ልጄ ከማን ጋር እንደተኛ አልወቅ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ከመርዶው ወዲህ ስትቆጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ አለኝ።

«መሬቱ ከተከፈተም ሁለቱን ነው የሚወስዳቸው» አለች። ከዚያ ባለ መኪናው ሙቀቱ ሳይበረታ እሷንም እዚያ ይወስዳት እንደሆነ እንድጠይቀው ላከችኝ።