የአባቴ ኮምፒውተር በእኔ ላፕቶፕ ውስጥ

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሆሳዕና ባለው ቤታችን፣ ሳሎኑ ጥግ በተቀመጠ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፣ ከእናታቸው የሰሟቸውን የሀዲይኛ ተረቶች ወደ አማርኛ እየመለሱ ይጽፉ ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል አለን። ሃርድ ዲስኩ ግን ደህና ነበር።

ፋይሎቹን ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ ስከፍታቸው የአማርኛው ፊደል በሙሉ የማይነበብ ምልክት ሆኗል። የሚጽፉበት የአማርኛ ፕሮግራም በጣም ስላረጀ አዲሱ ኮምፒውተር አልቀበለው አለ። አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ካዩ በኋላ፣ "በቃ፣ ጠፋ ማለት ነው" ብለው ላሟን ሊያዩ ወደ ጓሮ ወጡ። ምሳም አልበሉም።

ቨርቹዋል ማሽን የሚባለውን ነገር ኮሌጅ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ይጠቅመኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። በኮምፒውተር ውስጥ ራሱን እንደቻለ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ነው፤ የፈለጉትን አሮጌ ሲስተም ይጭኑበታል። የድሮዎቹ ሲዲዎች መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ላፕቶፔ ሲዲ ስለማያነብ ማንበቢያውን ከጎረቤት ተዋስኩ። ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ላፕቶፑም ውስጠኛውም ማሽን አንድ ላይ ደርቀው ቀሩ። ለውስጠኛው የሰጠሁትን ቀንሼ እንደገና ሞከርኩ። ሲስተሙ ተነሳ፤ ፕሮግራሙም ተጫነ። የመጀመሪያውን ተረት ስከፍት ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ተነበበ።

አባቴን ጠራኋቸው። ውስጠኛው ማሽን ስክሪኑን ሞልቶ ስለነበር የለመዱትን ገጽ ሲያዩ "ተሠራ እንዴ?" አሉና ቁጭ ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ። ሲጨርሱ እንደ ድሮው ዘጉት። ከኋላው የእኔ ላፕቶፕ ገጽ ብቅ ሲል እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሱ።

"ይኼ ደግሞ የማን ነው?"

"የእኔ ነው፣ አባባ። የእርስዎ እዚሁ ውስጥ ነው ያለው።"

"ታዲያ ተከራይ ሆንኩ በለኛ" አሉ።

ማሽኑ እንዳለ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ዱራሜ የምታስተምረው እህቴ ልትጠይቀን ስትመጣ በሃርድ ዲስክ ገልብጬ ሰጠኋት። ቤቷ ገብታ ስትከፍተው ደወለች። "የአባባ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ሁሉም ነገር እሳቸው ባስቀመጡበት ነው" አለችኝ።

ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። እሷ በእሷው ቅጂ አማርኛውን ማረም ጀመረች፤ አባቴም እዚህ ያንኑ ያርማሉ። አንዱ ሌላውን አያውቅም። በሚቀጥለው ስትመጣ ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው ተረቶቹ ተለያይተዋል።

"ጅቡ ተታለለ ነው የሚባለው፣ አባባ። ተሞኘ አይሄድም" አለች።

"እናቴ እንደዚያ አላለችም" አሉና ዓረፍተ ነገሩን በሀዲይኛ፣ በእናታቸው አነጋገር፣ ቀስ ብለው አሰሟት። እህቴ አዳመጠችና "ተሞኘ" የሚለውን መልሳ ጻፈች። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ እሳቸው ለቀቁላት። ሲመሽ ገና ብዙ ይቀራቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እርማቱ ዱራሜ ባለው ማሽን ላይ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። አባቴ እዚህ አዳዲሶቹን ይጽፋሉ። ያጠራጠራት ቃል ሲኖር ትደውላለች፤ እሳቸውም ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ተረቱን ከመጀመሪያው ይነግሯታል።